«ለጋው እንዴት ነው?»

ባለፈው ጥር አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ልጅ ሱቄ ገብታ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እኔ ጭሮ ገበያ ዳር ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ በጠቅላላው ፀሐይ ላይ ከዋለ ቅርፁን የሚረሳ ዕቃ ሁሉ የምሸጥ ሰው ስለሆንኩ፣ ክዳን የጠፋባት ደንበኛ መስላኝ «ክዳን ለብቻው የለንም፣ የኔ ልጅ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ክዳኑ ግን ቦታው ላይ ነበር። ጠርሙሱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ አራስ ልጅ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሎ ነው የመጣው።

«ጋሼ ኸይሩ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። «ሂክማ እባላለሁ፣ የመህዲ ልጅ ነኝ፣ ከአዳማ። አባዬ ከለጋው ሞልቶ ይላክልኝ ብሏል።»

ለጋ የምትለዋን ቃል ከመህዲ አፍ በስልክ ስሰማት ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ሻሽ አስራ፣ ጠርሙስ ይዛ፣ በእግሯ ሱቄ ድረስ ስትመጣብኝ ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ጠርሙሱን አንስቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። ባዶ ጠርሙስ ምን ይሸታል? ምንም። እኔን ግን የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አሸዋ ሸተተኝ፤ ድንጋይ ላይ የታሸ የልብስ ሳሙና፣ የረጠበ የፍየል ፀጉር፣ ዘይቱ ያልለቀቀ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የኦቦ ቃሲም ኪስ ውስጥ የከረመ ኦቾሎኒ ሸተተኝ። አፍንጫዬ ከኔ የባሰ አጋናኝ ነው።

ከተማችን ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምትባለው። አባቴ ከስልጤ አገር አንድ ጥቅል አቡጀዲ ተሸክሞ መጥቶ፣ ጓሮው ወንዙ ላይ የሚያልቅ ቤት ተከራይቶ ሱቅ ከፈተ። ወላጆቼ ሲጣሉ በስልጥኛ፣ ሲመክሩን በአማርኛ፣ ደንበኛ ሲያባብሉ በኦሮምኛ ነበር የሚናገሩት፤ የኔም ጭንቅላት ሦስት ቋንቋ ምልክት ሳይለጠፍበት የተከመረበት መጋዘን ሆኖ አደገ። ከአጥራችን ማዶ የመህዲ ቤት ነበር። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ መህዲን ስጣራ፣ እናቱ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ለጋ ዴሜ» ይሉኛል፤ ወንዝ ወርዷል ማለታቸው ነው። ለጋ በኦሮምኛ ወንዝ መሆኑን ጭሮ የተወለደ ድመት እንኳ ያውቃል። በእኛ ቤት ግን ለጋ ቅቤ ነበር። እናቴ ከገበያ የምትገዛውን ቅቤ በጣቷ ጫፍ እየቀመሰች «ይሄ ለጋ ነው፣ ይሄ የከረመ ነው» ስትል ነው ጆሮዬ የተከፈተው፤ ለጋ ማለት ገና ትኩስ፣ ገና ጨቅላ ማለት ነው። ስለዚህ በአምስት ዓመቴ በሁለት ቋንቋ መሀል ቆሜ፣ ማንም የተማረ ሰው ያልደረሰበት መደምደሚያ ላይ ደረስኩ፤ ከጓሯችን የሚያልፈው ወንዝ ለጋ የተባለው ገና ሕፃን ስለሆነ ነው። ቁርጭምጭሚት የማይሸፍነው፣ በጋ በጋ ተኝቶ የሚከርመው፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ድንገት ብድግ ብሎ ሰፈሩን በለቅሶ የሚያናውጠው፣ ሕፃን ስለሆነ ነው። ያድጋል።

«ወንዙ መቼ ነው የሚያድገው?» ብዬ አባቴን ጠየቅኩት። አቡጀዲ በክንዱ እየለካ ነበር፤ ልኩ እንዳይጠፋበት ፊቱን ሳያዞር «አንተ ስታድግ» አለኝ።

እኔ ይህን እንደ ተፈረመ ውል ነው የያዝኩት። ማታ ማታ እንጀራ ጨምሩልኝ እያልኩ የማስቸግረው ለራሴ ሆድ ብቻ አልነበረም፤ የወንዙም ጉዳይ ነበረበት።

ሦስተኛ ክፍል ሳለን አስተማሪያችን የአገራችንን ትልልቅ ወንዞች ጥቀሱ ብለው ጠየቁን። አንዱ አባይ አለ፣ አንዷ አዋሽ አለች፣ አንዱ ዋቢ ሸበሌ አለ። እኔ እጄን ጣሪያውን ሊበሳ ትንሽ እስኪቀረው አውጥቼ «ለጋ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቁ ሚኤሶ ድረስ ተሰምቶ ባቡሩ ምን መጣ ብሎ ቆሟል ብል ብዙም አላጋነንኩም። አስተማሪው «የቱ ለጋ? ስም የለውም?» ሲሉኝ፣ «ስም አልወጣለትም፣ ገና ሕፃን ነው» አልኳቸው። ያኔ መህዲ ከኋላ ተነሳ። ኦሮምኛ የእናቱ ቋንቋ ነው፤ ለጋ ምን እንደሆነ ከኔ ሺህ ጊዜ አብልጦ ያውቃል። ግን እጁን ኋላው አጣምሮ፣ ፊቱን ሳያጥፍ፣ «እውነቱን ነው ቲቸር፣ ገና ነው» አለ።

ሁለታችንም እስከ ደወል ድረስ ጠጠር ላይ ተንበረከክን። ተንበርክከን ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለጋ ማለት እኮ ወንዝ ማለት ነው» አለኝ። ታዲያ ለምን ተነሳህ ስለው፣ «ብቻህን ልትንበረከክ ነው?» አለ። ስህተቴ ያን ቀን ታረመ ማለት ነው፤ ግን የታረመውን ሁለታችንም አልፈለግነውም። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔና በእሱ መሀል ለጋው ማለት ያው ሕፃኑ ወንዛችን ሆኖ ቀረ።

ወሬው ኦቦ ቃሲም ዘንድ ደረሰ። ኦቦ ቃሲም ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት የነበሩ ሰው ናቸው። በከተማው ባሕር ያየ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኛ እንደዚያ ነበር የምናምነው። መኪናው ተገልብጦ አንድ እግራቸው ስላጠረ ሲራመዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘማሉ፤ እኛ ይህንንም ከመርከብ ላይ ያመጡት አረማመድ አድርገን ነበር የምናየው። ከተገለበጠው መኪና የተረፋቸው ንብረት አንድ ስፖኪዮ ነው፤ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ የብረት እጀታው ያልተለየው። ስለ ሕፃኑ ወንዝ ሲነገራቸው እስኪያለቅሱ ሳቁ፣ እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ከዚያ ኮስተር ብለው «ታዲያ ሕፃን ብቻውን ይተዋል እንዴ? እሁድ እሁድ እየሄድን ልንጠይቀው ነዋ» አሉ።

እንዲህ ነው የታወቀው ጉብኝት የተጀመረው። እሁድ ጠዋት እኔና መህዲ፣ አንዳንዴም እስከ አሥር የሚደርስ የሰፈር ልጅ፣ ተሰልፈን ከኋላቸው እንወርዳለን። እሳቸው ስፖኪዮውን ትከሻቸው ላይ አንግተው ከፊት እየዘመሙ ይመሩናል፤ ዞር ማለት ለሹፌር ነውር ነው ስለሚሉ የሚቆጥሩን በስፖኪዮው ነበር። ጥያቄ ያልጠየቀ ኦቾሎኒ ይታደለዋል፣ ጥያቄ የጠየቀ ሁለት እጥፍ። ወንዙ ዳር የቆምንበት ቦታ ሁሉ ስም ነበረው። የእሾህ ቁጥቋጦ ሸሚዛችንን የሚይዝበት ጠባብ መተላለፊያ ጉምሩክ ነው፤ እዚያ ሳይፈተሽ የሚያልፍ የለም። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደብ ነው፤ ሴቶቹ ባጠቡት ልብስ መሀል ስንረማመድባቸው እርጥብ አንሶላ ይዘው ሲያባርሩን፣ ኦቦ ቃሲም በአጭሩ እግራቸው ከሁላችንም ቀድመው እየሸሹ «የወደብ ሠራተኛ አስቸጋሪ ነው፣ አሰብም እንዲሁ ነው» ይሉናል።

ከሁሉ የምንወደው ግን ፏፏቴውን ነበር። ውሃው ከጉልበት ከማይበልጥ ቋጥኝ ላይ ነው የሚወርደው፤ ድምፁ አንድ ሰው ጆግ ከሚቀዳው አይበልጥም። እዚያ ስንደርስ ኦቦ ቃሲም እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አልክ?» ብለው ይጮሃሉ። ምንም ያለ የለም። «አይሰማም» ብለን እኛም እንጮሃለን። «ምን አላችሁ?» «አይሰማም አልን።» «ኧ?» እንዲህ እየተባባልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ድረስ እዚያች ጠብታ ፊት ቆመን እንጯጯሃለን፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየናል፤ ኦቦ ቃሲም «እንግዶች ናቸው፣ ፏፏቴ አይተው አያውቁም» ብለው በምልክት ያስረዷቸዋል። እስከዛሬ ትልቅ ፏፏቴ አይቼ አላውቅም፤ እሱን የመሰለ ግን ይኖራል ብዬ አላምንም።

ጉብኝቱ የሚያልቀው ከከተማው ጫፍ፣ ዋርካው ሥር፣ ወንዙ ወደ ቆላው መውረድ ከሚጀምርበት ነበር። የባሕር በር ይባላል። ኦቦ ቃሲም እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስፖኪዮውን ተራ በተራ ይሰጡናል፤ «የሚመጣውን ሁሉም ያያል፣ እናንተ ያለፋችሁትን እዩ» ይሉና ወንዙን፣ ድንጋዮቹን፣ የከተማውን ቆርቆሮ ሁሉ በተሰነጠቀች መስታወት ውስጥ ያሳዩናል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቆላው ይዘረጋሉ። ውሃው ከዚህ ወዲያ ቁልቁል ነው፤ ሚኤሶን አልፎ፣ በረሃውን አልፎ፣ ባሕር ይገባል። ክረምት ላይ ጎርፉ ሲወርድ እኔና መህዲ የሰርዲን ቆርቆሮ አጠፍጥፈን፣ በሚስማር ስማችንን ጭረን፣ ከዋርካው ሥር እንለቃለን። መህዲ ስማችን እንዲጻፍ ድርቅ ይል ነበር፤ ስንደርስ ባሕሩ እንዲያውቀን ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ በባቡር የመጣለትን ዕቃ ሊረከብ ሚኤሶ ይዞኝ ወረደ። መህዲ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ የሚሄደው እኔ ነኝ፣ ሻንጣ ያዘጋጀው እሱ ነው። ለጋው ደርሶ እንደሆነ አይተህ ንገረኝ፣ ነበር መልእክቱ። አባቴ ደረሰኝ ሲያገላብጥ ሾልኬ ድልድዩ ላይ ሄድኩ። ከሥሩ አሸዋ ነበር። ሰፊ፣ ነጭ፣ ዓይን የሚያጭበረብር አሸዋ። መሀሉ ላይ አንድ ግመል ተጋድሞ ተኝቷል። ማሽላ ጭኖ የሚያልፍ ሰውዬ አስቁሜ «ከአሰበ ተፈሪ የሚመጣው ወንዝ የቱ ነው?» አልኩት። በዱላው ግመሉን አሳየኝ። «ጎርፍ ሲሆን እዚህ ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ አሸዋው ይጠጣዋል» አለና መንገዱን ቀጠለ። ከግመሉ ጀርባ ግማሹ የተቀበረ አንድ የዛገ ቆርቆሮ ነበር። ወርጄ አላገላበጥኩትም።

ማታ ስንመለስ መህዲ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። «ደረሰ?» አለኝ፤ ሰላም እንኳ አላለኝም። በሕይወቴ የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት የዋሸሁት ሁሉ ልምምድ ነበር። «አቦ፣ ሚኤሶ ላይ ማዶው አይታይም» አልኩት። «ማዕበሉ ልብሴን አበሰበሰው።» መህዲ ከራሴ እስከ እግሬ አቧራ የጠጣውን ሸሚዜን ቀስ ብሎ አየው። ከዚያ «አልሀምዱሊላህ» አለና ሻንጣዬን ተቀበለኝ።

የቀረው እንደማንኛውም ሰው ነው። ኦቦ ቃሲም አንድ በጋ ላይ ሞቱ፤ ወንዙ ደርቆ ስለነበር ቃሬዛቸውን ይዘን በእግራችን፣ በወደቡ በኩል ተሻገርን። ስፖኪዮውን ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ እሱ ይሆናል ብዬ የባጃጁን ሁሉ መስታወት ለዓመታት ሰርቄ አይቻለሁ። መህዲ ረዳት ሆነ፣ ከዚያ ሹፌር ሆነ፣ አግብቶ አዳማ ገባ። እናቱ አርፈው ቤቱ ከተሸጠ ወዲያ ዳገቱን ወደኛ የሚያወጣው ጉዳይ አልነበረውም፤ ጭነቱን ይዞ ከሚኤሶ በቆላው መንገድ ቀጥ ብሎ ድሬዳዋ ነው። እኔ ከአባቴ አቡጀዲ ወደ ፕላስቲክ ተሸጋገርኩ። ያገናኘን የነበረው ስልክ ነው፤ ወሬውም ሁልጊዜ አንድ ነበር፦

«ዋሪያ ኸይሩ፣ ለጋው እንዴት ነው?»

«አድጓል» እለዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ በልክ ነበር የማሳድገው። ወገብ ደረሰ አልኩት። በሚቀጥለው ዓመት አንገት ደረሰ። ከዚያ ጨዋታው ጣፈጠኝ። ዳርቻው አበባ ተተከለበት፣ ዳክዬ ገባበት፣ ነጭ ወንበር የደረደረ ሆቴል ተከፈተበት፣ አንድ ፈረንጅ ፎቶ ሲነሳ ወድቆበት ከነባርኔጣው በደሳ ከተማ ላይ ተገኘ፤ ውሃው ወደ በደሳ እንደማይወርድ ሁለታችንም እናውቃለን፣ እሱ ግን «ባርኔጣው ደህና ነው?» ብቻ ነው ያለኝ። ጀልባዋ የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሰማያዊ፣ ሃያ ሰው የምትጭን፣ እሁድ እሁድ ከወደቡ እስከ ባሕር በር የምትመላለስ። እሷን ስነግረው፣ «ስፖኪዮ አላት?» አለኝ። አላት አልኩት።

እንግዲህ ሂክማ ያን ጠርሙስ ባንኮኒዬ ላይ ስታስቀምጥ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የቆለልኩት ውሸት ነው አብሮ የተቀመጠው። ፊቴ መቀያየሩን አይታ «አይጠጣውም፣ አይጨነቁ» አለችኝ። «ኩላሊቱ ነው። ሐኪሞቹ በቀን ከሁለት ሲኒ ውሃ በላይ ከልክለውታል። አልጋው አጠገብ ይቀመጥልኝ፣ እያየሁት ልተኛ ነው ያለው።» ቀጥላም ሆስፒታል አብረውት ለሚታከሙት ሁሉ ስለ ጀልባዋ እንደነገራቸው አጫወተችኝ። «ቀይ ናት አይደል?»

«ሰማያዊ ናት» አልኳት። ስትዋሽ እንኳ ቀለሙ መዛነፍ የለበትም።

ነገ እንሞላዋለን ብዬ እንዳላሳድራት ከሰዓት በኋላ በሚነሳው መኪና ቦታ ይዛለች። ሱቁን ዘግቼ ይዣት ወረድኩ። ከኦቦ ቃሲም ወዲህ ያንን መንገድ ሰው እያስጎበኘሁ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እሷ ግን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። «ይሄ ጉምሩክ ነው አይደል?» አለች። ነው፤ እሾሁ አሁን የሚፈትሸው ፌስታል ብቻ ነው፤ ከሥር እስከ ጫፍ ጥቁርና ሰማያዊ ፌስታል ለብሶ በንፋሱ ይንኮሻኮሻል። ወደቡ የለም፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ ተፈልጦ የአንድ ሰው ቤት መሠረት ውስጥ ገብቷል፣ የማን ቤት እንደሆነም አውቃለሁ፣ ባልዲ ይገዛኛል። አሸዋውን ለግንባታ ጭነው ጭነው፣ የወንዙ አልጋ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ አፍ መስሏል። ፍየሎች ከጫት ተራ የተደፋ ገረባ ይቀረጥፋሉ፤ እንደ በርጫ ታዳሚ ዓይናቸውን ፍጥጥ አድርገው ነው የሚያዩን፣ በከተማው በሰዓቱ የመረቀነ እነሱ ብቻ ናቸው። ይህን ስላት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ ሲያልቅብኝ ምን እንደማደርግ ነበር የማሰላስለው።

ፏፏቴው ጋ ደረስን። ቋጥኙ አለ፤ ጭራሽ አጥሯል። ከላይ ካለው ላቫጆ የሚወርድ ግራጫ የሳሙና ውሃ እየተንጠባጠበ ያልፍበታል። ሂክማ ፊት ለፊቱ ቆመች። እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገችና፣ በአባቷ ድምፅ፣ ጮክ ብላ «ምን አሉኝ?» አለች።

አይሰማም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ከቋጥኙ ላይ አንድ ፌስታል አነሳሁ። ልጅቷ እጇን ከጆሮዋ ሳታወርድ ትንሽ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ አወረደችውና መሬት መሬቱን እያየች፣ «አባዬ ልጅ ሆኜ በመኪናው ይዞኝ ይሄድ ነበር» አለች። «ሚኤሶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያቀዘቅዝና ክላክስ ያደርጋል። ለጋው ነው፣ ሰላም ልበለው ይላል። አባዬ አሸዋ እኮ ነው ስለው፣ ተኝቶ ነው አትቀስቅሺው ይለኝ ነበር።»

ድልድዩን ረስቼው ነበር። ሃያ ስንት ዓመት በዚያ ድልድይ ላይ ተመላልሷል። ግመሉን አይቶታል። አሸዋውን አይቶታል። ወገብ ደረሰ ስለው፣ አንገት ደረሰ ስለው፣ ዳክዬና ጀልባ ስጭንበት፣ ምናልባትም ስልኩን ያነሳው እዚያው ድልድዩ ዳር መኪናውን አቁሞ ነበር። እኔ እሱን እያታለልኩ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን ሦስተኛ ክፍል እንዳደረገው ብቻዬን እንዳልንበረከክ ከኋላ ተነስቶልኝ ነበር፣ ይህን ሁሉ ዓመት።

«ከዚህ ግን አይሆንም» አለች ሂክማ፣ የሳሙናውን ውሃ እያየች። አይሆንም። ጎንበስ ብዬ ከቋጥኙ ሥር፣ ፌስታሉን ገለጥ አድርጌ፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከታች ያለውን አሸዋ አንድ እፍኝ አወጣሁ። ሱቅ ተመለስን። አሸዋውን አጥበን ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርነው፤ ባለፈው ሳምንት የቧንቧ ተራ ሲደርሰን ከሞላሁት ጀሪካን ውሃ ቀድቼ አፈሰስኩበት። እሷ ጠርሙሱን ያዘች፣ እኔ ቀዳሁ። ሲሞላ ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ «ከለጋው ነው» አልኳት። «ከለጋው ነው» አለች፤ በፎጣው ጠቀለለችውና ሄደች።

መህዲ በሦስተኛው ቀን ደወለ። ሰላምታ አላበዛም። በስልኩ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፤ ጠርሙሱን እየነቀነቀው ነው።

«ዋሪያ ኸይሩ፣ ይሄ ውሃ በረኪና ይሸታል።»

«ጀልባዋን አጥበውበት ነው።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅሁት። «አሸዋው ግን የራሱ ነው» አለ፤ «አወቅሁት።» ውሃው አንድ ሁለቴ ተንቦጫረቀ።

«ለጋው እንዴት ነው?» አለኝ።

«አድጓል።»

«እውነትህን ነው» አለ።

የካቲት ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ። ስሙን ስላየሁ ውሸቴን አዘጋጅቼ ነው ያነሳሁት፤ ጀልባዋን ቀለም ልንቀባት ነው፣ ቀለሙን አንተ ምረጥ ልለው ነበር። ሂክማ ነበረች፣ በእሱ ስልክ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ጠርሙሱ ቤቱ ውስጥ፣ አልጋው አጠገብ፣ መስኮቱ ላይ ነበር፤ አሸዋው ረግቶ፣ ውሃው ጠርቶ፣ የማንም ውሃ መስሎ።

አባቴ አንተ ስታድግ ያለው ነገር ትዝ ይለኛል። እኔ በበኩሌ የድርሻዬን አድርጌያለሁ፤ አድጌያለሁ፣ ሸብቻለሁ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል። ወንዙ ጥርስ ሳያወጣ ቀረ። አሁን በጭሮ ከተማ ወደብ የት እንደነበር፣ ጉምሩኩ የት እንደነበር የሚያውቅ ከኔ ሌላ ሰው የለም፤ እኔ ደግሞ ባወራ ማን ያምነኛል? ገበያው ሁሉ አጋናኝነቴን ያውቃል።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዘነበ። የሰፈሩ ሰው ሲሯሯጥ ሰምቼ ሱቁን ክፍት ትቼ ወረድኩ። ለጋው መጥቶ ነበር። ቡናማ፣ ሰፊ፣ ድንጋይ እያላጋ፣ ፌስታሉን ሁሉ ጠራርጎ፣ ከኔ ሱቅ የተገዛ አንድ ቀይ ባልዲ ሳይቀር ይዞ ይወርዳል፤ ቋጥኙ ላይ ሲደርስ በእውነት የሰው ድምፅ አያሰማም ነበር። ስልኬን አወጣሁ። ወንዙ ደርሶ ማዶው አይታይም ብዬ የምናገረው እውነት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ገባ፤ ጣቴ የመህዲ ስም ላይ ደረሰና እዚያው ቆመ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ጎርፉ ወደ ቆላው አለፈ፤ ድምፁ መጀመሪያ ቀነሰ፣ ከዚያ ራቀ፣ ከዚያ የላቫጆው ሳሙና ሲንጠባጠብ ተሰማኝ። ጫማዬን አውልቄ እርጥቡ አሸዋ ላይ ቆምኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን እሱም ደርቆ ነበር።